ሠላሳ ጀሪካንና አንዲት ክፍል

ለስደተኛ ማዘን ስልጠና ይጠይቃል ብለው ከሚያምኑ ሰዎች ዘንድ ከተቀጠርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አዳማ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የስልጠና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰው አዳራሽ ሰብስቤ፣ ሻይና ብስኩት አስቀርቤ፣ ግድግዳ ላይ ትልልቅ ወረቀት እያስለጠፍኩ ስለ ሌላው ችግር ማወያየት ነው። ሰልጣኞቼ ያዝናሉ። እውነቴን ነው፣ ከሻይ እረፍት በፊት በደንብ ያዝናሉ። ከምሳ በኋላ ግን ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል፤ እኔም አንድ የማነቃቂያ ጨዋታ አጫውቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

አምና ዳይሬክተራችን ውጭ አገር ስብሰባ ቆይታ ስትመለስ ይህ ሁሉ አይጠቅምም አለች። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስደት አይገባውም፤ በእግሩ መሄድ አለበት፣ መሸከም አለበት፣ መጠማት አለበት። እዚያ አገር ተራራ አስወጥተዋታል፣ በገመድ ወንዝ አሻግረዋታል፣ መጨረሻ ላይ አልቅሳለች። "እናንተንም ማስለቀስ እፈልጋለሁ" አለችን በሰኞው ስብሰባ፤ እኛም አጨበጨብን።

ጉዞው "አንድ ቀን እንደ ስደተኛ" ተባለ። ከኛ መሥሪያ ቤት፣ ከሌሎች ድርጅቶችና ከከተማው አስተዳደር የተውጣጡ ሠላሳ ሰዎች ከወለንጪቲ ወዲህ ካለ አንድ ሜዳ ተነስተው፣ አስፋልቱን ትተው በገበሬ መንገድ፣ እስከ አዳማ መግቢያ አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይመጣሉ። ሁሉም አሮጌ ልብስ ይለብሳል። ሁሉም ቤቱን በአስር ደቂቃ ውስጥ ጥሎ ቢወጣ የሚይዘውን ዕቃ በአንሶላ ቋጥሮ ይሸከማል፤ በእጁ ደግሞ ውሃ ያለበት ቢጫ ጀሪካን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ተጓዥ የአንድ ስደተኛ ታሪክ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል፤ ያ ታሪክ እስከ መጨረሻው የሱ ታሪክ ነው። መንገድ ላይ ማንም ቢጠይቀው ከታሪኩ መውጣት ክልክል ነው።

አስተባባሪ እኔ ሆንኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ከሌሎቹ ባልደረቦቼ በተለየ እኔ ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስደተኛ ትኖራለች።

ከካርቱም ነው የመጣችው። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ጦርነቱ ሲጀመር ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በመተማ በኩል ገባች፤ ባሏ እከተላችኋለሁ ብሎ በዚያው ቀርቷል። ከኛ ሰርቪስ አንዷን ክፍል ተከራይታ ሁለት ዓመት ኖራለች። ሚስቴ የወሎ ልጅ ናት፣ ጂዳ አራት ዓመት ሠርታ ስለመጣች ከሷ ጋር በዓረብኛ ያወራሉ። ልብስ ሲያሰጡ ይሳሳቃሉ፤ ሳቁ ሲበረታ ወሬው ስለኔ መሆኑ ይገባኛል። የሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ሲከብዳቸው ደብተራቸውን ይዘው እሷ በር ላይ ይሰለፋሉ። የኔዋ ልጅ በሒሳብ ሰው የሆነችው በሷ ነው። አማርኛውን ከገበያ ተማረችው፤ እኔን ግን እስከዛሬ የምትጠራኝ፣ መምህር ለማለት፣ "ኡስታዝ" ብላ ነው።

ጉዞውን ሳዘጋጅ ማስታወሻ ደብተር ይዤ በረንዳዋ ላይ ተቀመጥኩና ስንት ኪሎ ሜትር በእግር እንደሄደች ጠየቅኳት።

"አላውቅም።"

"በግምት?"

የሒሳብ አስተማሪ ናትና ግምት አትወድም። ትንሽ አሰበችና "የትልቋ ጫማ መንገድ ላይ አለቀ፤ አዲስ ነበረ" አለችኝ። እኔ አስራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱም በሰባት ሰዓት አዳማ ምሳ ታዝዞ ነበር። በማጠቃለያው ላይ ለተጓዦቹ አምስት ደቂቃ እንድትናገርም ለመንኳት። "ለኡስታዝ እመጣለሁ" አለች፣ ለምን እንደምትናገር እንኳ ሳትጠይቀኝ።

ከዚያ ዕቃው መጣ። ሠላሳ ጀሪካን፣ በካርቶን የታሸገ ቲሸርት፣ ባነር፣ ድንኳን። የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ባለፉት ፕሮጀክቶች ብሮሹር እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ዳይሬክተራችን ስብሰባውን ቃኘት አድርጋ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች።

"አንተ ግቢህ ሰፊ አይደል?"

ሰፊ ነው አልኩ።

"ሰርቪስ ክፍልም አለህ።"

አለኝ አልኩ። ሰው ፊት ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ አለቃዬ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ ምላሴ ይታሰራል። ጉዞው በየሦስት ወሩ ስለሚደገም ለዕቃው ቋሚ ቦታ ያስፈልጋል ተባለ፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፈረ።

እዚህ አገር ተከራይን ፊት ለፊት "ውጣ" ማለት ነውር ነው። ስለዚህ አከራይ ሁሉ የሚለው አንድ አነጋገር አለ፤ "ቤቱን ለራሳችን ፈልገነው ነው።" ይህን የሚል አከራይ ቤቱን ለራሱ እንዳልፈለገው ተከራይ ሁሉ ያውቃል። አይጠይቅም፣ አይከራከርም፤ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይልና በማግስቱ ደላላ ፍለጋ ይወጣል። ማንም ፊቱ አይቀላም። እኔም ወሩ እንደገባ በሯ ድረስ ሄጄ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ "ቤቱን ለራሳችን ፈልገነው ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ" አልኳት።

እሷ ግን የዚህ አገር ተከራይ ስላልሆነች አመነችኝ።

"እንግዳ ይመጣል? እናትህ?" አለች፣ ደስ ብሏት። "አልጋው እዚህ ጋ ይሁን፣ እዚያ ጣሪያው ያፈሳል።"

"አይ… ሰው አይደለም" አልኩ። "ዕቃ ነው።"

"ብዙ ዕቃ?"

"ጀሪካን።"

አየችኝ። እኔ አሁንም መሬቱን እያየሁ ነው። "እሺ፣ ኡስታዝ" ብላ ገባች።

ሚስቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ሽሮ እያቀረበችልኝ "ወላሂ፣ አንተ የምታሰለጥናቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል" አለች። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፣ ተወስኗል፣ ቃለ ጉባኤ አለው ብዬ አስረዳኋት። ሽሮው ጨው አልነበረውም።

ሚስቴና ተከራያችን ከሥራ መልስ ቤት ፍለጋ ይወጡ ጀመር። ባል የሌላት ሴት አላከራይም ያለ ነበረ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ራስ ይበዛብኛል ያለችም ነበረች። አንዱ ደግሞ ክፍሉን በደስታ አሳይቷቸው፣ እሷ አፏን ስትከፍት "ለካ የኛ አገር ሰው አይደለችም" ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሚስቴ ይህን ሁሉ ለልጄ ትነግራታለች፣ እኔ እንድሰማው ጮክ ብላ። ጀሪካኖቹ እስከዚያው በረንዳው ላይ፣ ከስደተኛዋ በር ፊት ለፊት ተደርድረው ነበር። ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በጀሪካኖቹ መሀል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የፋይናንስ ኃላፊው የቤቱን ካርታ በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የመሥሪያ ቤቱን ማህተም ይዞ መጣ፤ "ይህን ጥዬስ የትም አልሸሽም" አለ። አንዲት ባለሙያ የፀጉር ካውያ ቋጥራለች። ከከተማው የመጣው ባለሥልጣን ምንም አልያዘም፣ ጥቅሉን የያዘለት ሌላ ሰው ነው። ጀሪካኑ ሙሉ ይሁን የሚለው ወደ ግማሽ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ሩብ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ደግሞ አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው የግራር ችግኝ ሲያጠጡ አየሁ። ዳይሬክተራችን የታሸገ ውሃ በጫነ መኪና ቀስ እያለች ከኋላችን ትከተላለች።

የምናልፍባቸው መንደሮች እንዲያውቁን ደብዳቤ መጻፍ የኔ ኃላፊነት ነበር። ጽፌያለሁ። ማህተም አርፎበታል። ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ደርሷል። እስካሁን እዚያው ፋይል ውስጥ ነው።

በአራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ጀመር። አንድ አውድማ አጠገብ ስንደርስ ጤፍ የሚያበራዩ አንድ ሽማግሌ አዩን። እንግዲህ በሳቸው ዓይን እዩን፤ ሠላሳ አቧራ የለበሱ ሰዎች፣ ጨርቅ ለብሰው፣ ጓዛቸውን በአንሶላ ቋጥረው፣ ጀሪካን ይዘው ከወደ ምሥራቅ ይመጣሉ። በዚያ በኩል የተፈናቀለ ሰው ከዚህ በፊትም መጥቶ ያውቃል። ሽማግሌው መንሻቸውን ጥለው መንገድ ገቡ።

"አካም ጅርቱ? ምን ሆናችሁ ልጆቼ? ማን አባረራችሁ?"

"አባቴ፣ እየተለማመድን ነው" ብሎ ሊመልስላቸው የሚገባ አንድ አስተባባሪ ነበረ። እሱ ግን ተረከዙ ተልጦ ከሁሉም ኋላ ያነክሳል። ከፊት የነበረችው አንዲት ወጣት ሠራተኛችን ናት፣ ሕግ አክባሪ። ካርዷን አስታወሰችና ድምጿ እየተንቀጠቀጠ "ቤታችን ተቃጠለ አባቴ፤ ባሌ የት እንደደረሰ አላውቅም" አለቻቸው። አላገባችም። ያሰለጠንኳት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሷትና ወደ መንደሩ ዞረው ተጣሩ። እኔ እያነከስኩ ስደርስ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ዛፉ ሥር ሰሌን ተነጥፏል። ሴቶቹ ወተት የሞላ ቅል ይዘው "ኮታ፣ ኮታ" እያሉ ይጠሩናል። አንዱ ጀሪካኔን ተቀበለኝ፣ ሌላው የፋይናንስ ኃላፊውን ጥቅል አወረደለት። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አስቀመጡኝና፣ ተው ብላቸው እምቢ ብለው፣ ጫማዬን በገዛ እጃቸው አውልቀው እግሬ ላይ ውሃ አፈሰሱበት። ቁስሉን ሲያዩ "ኡፍ፣ ረቢ!" አሉ።

በዚያ አካባቢ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲመጣ መንደሩ ይቀመጥና እያንዳንዱ የሚሰጠውን ይናገራል። እዚያው ፊታችን ተቀምጠው ጀመሩ። አንዱ ጤፍ አለ። አንዱ የምትታለብ ፍየል፣ ለልጆቹ ብሎ፤ ልጆቹ ከኋላ የቀሩ መስሎታል። ቀጥለው እኛን ለየቤታቸው ተከፋፈሉን። እነዚህ አምስቱ እኔ ዘንድ፣ እነዚህ ሦስቱ እሱ ዘንድ። ማህተም የያዘው ሰውዬ የት እንደሚያድር ሲነገረው ግራ ገብቶት አየኝ። እግሬን ያጠቡኝ አሮጊት ክንዴን ጨብጠው ለሌላ ሰው አልለቅም አሉ።

"ይኼ የኔ ነው። ልጄ አግብቶ ወጣ፣ ክፍሉ ባዶ ነው። እስክትቋቋም ኑርበት።"

ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። እስከ መቼ እንደሆነም አልነገሩኝም። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንባዬ እንደ ሕፃን ነው የወረደው፣ አፈርኩ፣ ማቆምም አልቻልኩም። ዳይሬክተራችን በመኪናው መስኮት አይታኝ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ።

በባዶ እግሬ ተነስቼ እውነቱን ተናገርኩ። ስደተኞች እንዳልሆንን፣ የስደተኛን ችግር በተግባር ለመረዳት የተዘጋጀ ጉዞ መሆኑን፣ ዓላማውን፣ የሚጠበቀውን ውጤት፣ ሁሉንም አስረዳሁ። አንድ ጎልማሳ አማርኛ ለማይሰሙት በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። ትርጉሙ ከኔ ንግግር በጣም ያጠረ ነበር፣ መንደሩም በሳቅ አለቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም።

"ስደተኞቹ ግን አሉ?" አሉኝ።

"አሉ፣ አባቴ።"

"የት ናቸው?"

"አዳማ።"

"ቤት አላቸው?"

ሠላሳ ሰው ያየኛል። "አላቸው" አልኩ። ወሩ ሊያልቅ ሰባት ቀን ይቀረው ስለነበር እስከዚያ ድረስ ውሸት አይደለም።

ምግቡ ከተሠራ ወዲያ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው አበሉን። ወጣቷ ጋቢውን ልትመልስ ስትል ሽማግሌው "ባልሽ እስኪገኝ ያዢው" አሏት። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስካሁን አልገባንም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የሄድኩት በደስታ ነው። ልቤ ቆርጧል። ተከራዬን እንዳትወጣ እነግራታለሁ፤ ጀሪካኑን ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ ታስቀምጠው። ይህን ለብቻዋ ከምነግራት ደግሞ ማይክ ይዤ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ከንግግሯ በኋላ ብነግራት ይበልጥ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ቃላቱን እየመረጥኩ፣ እያስተካከልኩ ሄድኩ። የቁስሌ ሕመም ራሱ ጠፋኝ። አንድ ደግ ሰው አብሮኝ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ደጉ ሰውዬ እኔው ነበርኩ።

አዳማ መግቢያ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ ጠበቀን። አዲሱን ቲሸርት ለብሰን ፎቶ ተነሳን። ዳይሬክተራችን ሰዓቷን አየችና ወደ እኔ መጣች።

"ስደተኛህ የት አለች?"

አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ በሷ ፋንታ ከከተማው የመጣው ባለሥልጣን ስለ ስደተኛ ስሜት ንግግር አደረገ። የመጨረሻዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች በመኪና ነበር የመጣው፣ ግን ጥሩ ተናጋሪ ነው።

ጀሪካኖቹን በፒክአፕ አስጭኜ እኔ በባጃጅ ቀድሜ ቤቴ ደረስኩ። የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም። ሚስማሮቿን ነቅላ ቀዳዳዎቹን በሳሙና ደፍናለች። በረንዳው ላይ የቀሩት የቲሸርት ካርቶኖች ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዘው በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የቀረው ግድግዳ ለጀሪካኖቹ ባዶ ተትቷል። ሚስቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የቀሚሷ ጫፍ አቧራ ብቻ።

"ገና ሳምንት ይቀራታል እኮ!" አልኩ።

"ጀሪካኖቹ ዛሬ ይመለሳሉ፣ ቦታ ይፈልጋሉ ብላ ነው። ትናንት አንዲት ክፍል አግኝተን ነበር።" ቀና ብላ አላየችኝም። "ጋሪው ሁሉ ገበያ ወርዶ ፍራሹን እኔና እሷ ተሸክመን ሄድን።"

"ሩቅ ነው?"

"ኪሎ ሜትሩን አልለካሁትም።"

ምሪኝ አልኳት። ነጠላዋን አንስታ መራችኝ። ከጎርፍ መውረጃው ማዶ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። ክፍሏ የኛን ግማሽ ታክላለች፣ ኮርኒስ የላትም፣ የቆርቆሮው ሙቀት ወደ ውስጥ ይነዳል። እሷ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር፤ ልጆቹ ፍራሹ ላይ ደብተር ዘርግተዋል። ስታየኝ ያለቻትን አንድ ዱካ ጠርጋ ሰጠችኝ።

"ይቅርታ፣ ኡስታዝ። ለንግግሩ መምጣት ነበረብኝ። ፍራሹ ከበደን።" እግሬን አየች። "መንገዱ እንዴት ነበረ?"

ለማይክ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ተመለሱ" አልኳት። "ክፍሉ ያንቺ ነው። ጀሪካኑን አውጥቼ እጥለዋለሁ። እስከፈለግሽበት ጊዜ ኑሪ። ጥፋቱ የኔ ነው።" ሚስቴ በዓረብኛ ደገመችላት፤ እኔ ከተናገርኩት የበለጠ እንደለመነች ከድምጿ ያስታውቅ ነበር።

መጋረጃውን ለቀቀች። ልጆቿን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ካርቱም ስንወጣ ትንሿን ሦስት ቀን ነው አልኳት። መተማ፣ ትንሽ ጊዜ ነው አልኳት። አንተ ቤት፣ አሁን ቤታችን ይህ ነው አልኳት። ዛሬ እዚህ ሁልጊዜ ነው ብያታለሁ። አሁን ደግሞ ተነሺ እንሂድ ካልኳት ከዚህ በኋላ እኔን አታምነኝም።"

ሻይ ላፍላ አለች፣ አይሆንም ብለን ተነሳን። በሩ ጋ ስንደርስ ትንሿ ልጅ ከደብተሯ ቀና ብላ እኔን አየችና እናቷን በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። እናቷ ቶሎ ብላ መለሰችላት፣ ልጅቷም ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ ምን እንዳለች ሚስቴን ሦስቴ ጠየቅኳት። በሦስተኛው ቆመች።

"'ይሄም ክፍል የሱ ነው?' ነው ያለችው" አለችኝ።